ግድቡ ሞልቷል፤ ጉልቻው ይለወጥ!

(ከዚህ ቀጥሎ የምናወጣው አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያደረጉትን ንግግር ነው። መምህሩ ስሜ ይቅር ስላሉን ስማቸውን ትተን፣ የአነጋገራቸውን ለዛ ሳንነካ አቅርበነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



በሲዳማ ወግ ሰው ለቁም ነገር ሲቀመጥ መጀመሪያ «አፊኒ?» ይባላል። ሰማችሁ ወይ? እንደማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ፣ ሁሉም ሳይናገር ነገር አይቆረጥም። እኔም ዛሬ እዚህ ሐይቁ ዳር ስቆም በዚሁ ልጀምር። አፊኒ? ስለ መብራት የሚባለውን ሰማችሁ ወይ?

መስማቱንማ ሰምታችኋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ተመረቀ። 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በአፍሪካ ውስጥ በውሃ ኃይል የሚስተካከለው የለም። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አለ። ገበሬው ቦንድ ገዛ፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ ሰጠ፣ ዲያስፖራው ላከ። እኔም የወር ደመወዜን ሰጥቻለሁ። በፈቃድህ ነው ወይስ በግድ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ፎርሙ መጣ፣ ፈረምን። ቢሆንም አልቆጭም። በግድቡ አልቀልድም፤ የገዛ ገንዘቤ ነው።

ነገር ግን ገንዘቡን ያወጣ ሰው መጠየቅ መብቱ ነው። የኔ ጥያቄ አንድ ናት፦ ግድቡ ከሞላ የእናቶቻችን ጉልቻ ለምን አሁንም ይጨሳል?

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ይህን ተረት በዚህ አገር ሹም በተሻረና ሹም በተሾመ ቁጥር ስንጠቅሰው ኖረናል። እኔ ግን ዛሬ ተረቱን ልገለብጠው ነው የመጣሁት። ሹሙን ለጊዜው ተዉት። ጉልቻውን፣ እነዚያን ሦስት ድንጋዮች ራሳቸውን እንለውጣቸው ልላችሁ ነው።

መብራት ሌላ፣ ኃይል ሌላ

እኔ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ሂሳብ ብሠራባችሁ አትቀየሙኝ። አንድ ጥሩ አምፖል 10 ዋት ይበላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3 ሺህ 500 ዋት ግድም ይፈልጋል። አንድ ምጣድ ማለት 350 አምፖል ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቤቶች ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ሊጥ አፍስሰው ምጣድ ቢሰኩ ምን ይሆናል? ዷ! ይላል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጨለማ ነው። «ትራንስፎርመር የለም» ይባላል፤ አቤት ስትሉ «ነገ ተመለሱ» ይባላል። ነገውም አያልቅም።

ስለዚህ መብራት ገባ ማለትና ኃይል ገባ ማለት ለየቅል ናቸው። ሪፖርት ላይ ግን አንድ ናቸው። አንዲት አምፖል የተንጠለጠለችበት ጎጆ «የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ከአምፖሏ ሥር እናትየው በእርጥብ እንጨት ጭስ እያለቀሰች ዋሳ ትጋግራለች። ሪፖርቱ አምፖሏን እንጂ ጭሱን አያይም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የዓለም ባንክ ያወጣቸው አሃዞች እንደሚያሳዩት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሕዝባችን ከግማሽ ብዙም ፈቀቅ አይልም። በምግብ ማብሰያ በኩል ከመጣን ደግሞ ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2025 ድረስ ለሁሉም ዜጋ መብራት አዳርሳለሁ ብሎ ነበር። በኋላ ሲከለስ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከሶላርና ከመሳሰለው ያገኛል ተባለ። 2025 መጣ፤ ሄደም። ያን ቃል አስታውሶ ሕዝብን ይቅርታ የጠየቀ ባለሥልጣን ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

ጭሱስ ምን ያደርጋል? አትሉኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በአውሮፓ 2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። አብዛኞቹ እንደኛ ያሉ ድሆች ናቸው። እዚህ ቡሹሎ ያለው ጤና ጣቢያ ስንቱን የወባ በሽተኛ ከአልጋ ሲያነሳ ኖሯል። ወባን በአጎበር እንከላከላለን። ጭስን ግን በአጎበር መከላከል አይቻልም። እናቴ ዓይኗ የጠፋው በሌላ አይደለም። ጉልቻ ሥር ተጎንብሳ ስታራግብ ኖራ፣ በመጨረሻ የልጅ ልጆቿን መልክ በእጇ እየዳሰሰች ነው የሞተችው። የዚያን ጊዜ እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በጠመኔ እጽፍ ነበር።

ሽቦው በላያችን ያልፋል

ታዲያ ኃይሉ የት ይሄዳል? ኃይል ለጎረቤት እንሸጣለን። ለጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለሱዳን ከዚያ ቀጥሎ፣ ለኬንያ ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ። የኬንያው መስመር የሚነሳው ከዚሁ ከኛው ጎረቤት ከወላይታ ሶዶ ነው። 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሱስዋ ይደርሳል። እሰየው ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ኃይል ቢገዛ ጦር ከመማዘዝ ይሻላል። ዶላርም ያስፈልጋል።

ወጣቶች «ሽቦው በላያችን አልፎ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን» ስትሉ እሰማለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። ያ ሽቦ የተሸከመው 500 ሺህ ቮልት ነው። እንደ ቧንቧ ውሃ ከመንገድ ላይ ቀድቶ ወደ ጎጆ ማስገባት አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ዝቅተኛ መስመር ይፈልጋል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ቆጣሪ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አስተካክላችሁ ጠይቁ። «ሽቦው ለምን አለፈን?» አትበሉ። «ትልቁን ሽቦ ለመዘርጋት ገንዘብ ከተገኘ ትንሹን ሽቦ ለመዘርጋት ለምን ጠፋ?» በሉ። ይህን ጥያቄ ማንም ሹም በሳቅ ሊያልፈው አይችልም።

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ጋዜጦች እንደዘገቡት የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት 21 ከሚሆኑ የቢትኮይን ኩባንያዎች ጋር ውል ነበረው፤ 19ኙ የቻይና ናቸው። ቢትኮይን ምንድን ነው ለምትሉ አባቶች፦ ኮምፒዩተሮች በመጋዘን ተደርድረው ሌት ተቀን ቁጥር ሲያሰሉ ውለው ያድራሉ፤ ከዚያ የማይጨበጥ ገንዘብ ይወጣል። ኃይል እንደ ጉድ ይበላሉ። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ምክንያትም አለ። ኃይሉ ተርፏል፣ ወደ ገጠር የሚያደርስ መስመር ገና የለም፣ ከሚባክን በዶላር ይሸጥ ነው። ሂሳቡ ያስኬዳል። ኋላ ላይም አዲስ ጥያቄ መቀበል አቁሜያለሁ ብሏል። እኔ የምለው ሌላ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል እንሰማ ነበር፤ በኛ ዘመን የዓባይ ልጅ እንጨት እየለቀመ ኮምፒዩተሩ መብራት ጠገበ። ከዚህ ሽያጭ የተገኘው ዶላር ስንት ትራንስፎርመር ገዛ? ይህን የሚነግረን እንፈልጋለን።

ከሩቅ ለምን እንሄዳለን፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እንውሰድ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በውሃ በመነጨ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም አረንጓዴ ፓርክ ተብሎ ተወደሰ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውምና የገባበት ሁሉ እዚያው ስለሚቀር ፍሳሹ መጣራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አላናንቅም። ነገር ግን በአውሮፓ 2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲወጣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ከዓለም የመጨረሻው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የተሠራው በዚሁ በሐዋሳ ፓርክ ላይ ነው። እህቶቻችን ቀን በንጹህ ኃይል ሸሚዝ ይሰፋሉ፤ ማታ አራት ሆነው በተከራዩት ክፍል ከሰል ያቀጣጥላሉ። ማሽኑ ንጹህ ኃይል አገኘ፣ ሰፊዋ አላገኘችም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ ስታስወጣ ዱላው ያረፈው ጦርነቱን ባወጁት ላይ ሳይሆን በነዚሁ ልጆች ላይ ነበር።

ልጆቼ፣ «ንጹህ» የሚለው ቃል በጭሱ ብቻ አይለካም። የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት ጨመረልን። በዚያው ግን በታችኛው ኦሞ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በተወው ርጥበት ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ወገኖቻችን ያ ጎርፍ ቀረባቸው። እነሱ ዋጋ የከፈሉበትን መብራት እኛ እየተጠቀምን ስማቸውን እንኳ አናነሳም። ለአንዱ ብርሃን፣ ለሌላው ረሃብ ከሆነ እሱ ንጹህ አይባልም።

ምድጃው ግድቡን ይበላዋል

አሁን ደግሞ ባለሥልጣኖቻችን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገውን ልናገር። ጉልቻና ግድብ የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ጉልቻው ዛፍ ይበላል። ዛፉ ሲያልቅ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። አፈሩ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙ ግድብ ይገባል። ቆቃን ታውቃላችሁ። በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ዛሬ ከውሃ ማጠራቀሚያው ቀላል የማይባል ቦታ ደለል ይዞታል። እዚሁ እኛ ዘንድ ጨለለቃ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም ሐይቅ ነበር። ከተራራው የወረደ አፈር ሞላው፤ ዛሬ ረግረግና የከብት መዋያ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ማን ይመስላችኋል? ጨለለቃ ይይዘው የነበረው ደለል በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደዚህ ወደፊታችን ወዳለው ሐይቅ ይመጣል። ቆሮሶውና አምባዛው የሚኖሩበት፣ ጀልባ ላይ ያለው ወንድማችሁ ልጆቹን የሚያሳድግበት ሐይቅ ነው።

ውሃ ብቻ ተማምኖ መቀመጥም አያዋጣም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካው ቆመ፣ ለሱዳን የሚሸጠው ተቋረጠ። ዝናብ የሚያዛባው የአየር ለውጥ ነው። እሱን ያመጣው ማነው? አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ይለቃል። የአንድ ኢትዮጵያዊ ከ0.2 ቶን በታች ነው። ሀብታሞቹ አገሮች በአውሮፓ 2009 ኮፐንሃገን ላይ ለድሃ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እስከ 2020 እናደርሳለን አሉ። ሞላ የተባለው በ2022 ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው ብድር ነው። ቤቴን አቃጥሎ ውሃ በወለድ የሚያበድረኝን ጎረቤት ምን ልበለው? በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ። እናያለን።

እናንተ ወጣቶች ስለ ዓለም ልማት የምትቆረቆሩ ከሆነ ይህን ለፈረንጁ በድፍረት ንገሩት። በዳቮስ ጉባኤ ጥር 2012 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? የኡጋንዳዋ ወጣት ቫኔሳ ናካቴ ከነግሬታ ተንበርግ ጋር ፎቶ ተነሳች፤ አንድ ዓለም አቀፍ የዜና ወኪል ፎቶውን ሲያወጣ አምስት ከነበሩት ጥቁሯን ልጅ ብቻ ቆርጦ ጣላት። ልጅቱ ግን ዝም አላለችም። ጮኸች፤ ይቅርታም ተጠየቀች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ማለት ይህ ነው።

ለፈረንጁ የምንናገረውን ያህል ግን ለራሳችን ሹሞችም መናገር አለብን። በአውሮፓ 2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይካሄዳል፤ ተወስኗል። ከወዲሁ ልንገራችሁ። ያኔ ካኔቴራ ይታደላል። አውቶቡስ ይመጣል። «ወጣቶች ከጎናችን ናቸው» ይባላል። እናንተም ተሰልፋችሁ ታጨበጭቡ ይሆናል። ማጨብጨቡን አልከለክልም፤ እጅ የናንተ ነው። ግን ካኔቴራ ለብሶ ያጨበጨበ ሁሉ ተጠየቀ ማለት አይደለም። የዛፍ ተከላውንም እንደዚሁ ነው የማየው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። መትከሉ ደግ ነው። ሆኖም ክረምት የተከልነውን በበጋ ለጉልቻ የምንቆርጠው ከሆነ ልፋቱ ወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። በበዓሉ አባቶች ምን ብለው ይመክራሉ? ሥሩ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ለአየር ንብረት ከፈረንጅ ጉባኤ ቀድሞ እኛ ዘንድ ሕግ ነበረ። የጎደለን ልጅቷ ዛፉን ሳትቆርጥ ራቷን የምታበስልበት ነገር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መናገር ብቻ አይበቃም፤ ሥራም አለ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በ1980ዎቹ በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ ይቀረጻል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ የሞላ ድንጋይ ነው። አሥር ሆናችሁ ብትደራጁ ቅርጹን ገዝታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃም አለች። ሁለት ሦስት ላም ያለው ቤት ደግሞ ከእበት ባዮጋዝ ማውጣት ይችላል፤ ለዚህ ብሔራዊ ፕሮግራም ከተጀመረ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚህ የመጨረሻ መፍትሔ አይደሉም። ትልቁ ሽቦ ትንሽ ሽቦ እስኪወልድ ድረስ የእናቶቻችንን ዓይን ማቆያ ናቸው።

ባጃጅ የምትነዱ ልጆችም አላችሁ። ለቤንዚን ሌሊት ተሰልፋችሁ ታድራላችሁ፤ ሲብስባችሁ በሃይላንድ ከጥቁር ገበያ ትገዛላችሁ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ለባለ ቪላው ደረሰ። የናንተን ሦስት እግር በኤሌክትሪክ ለማድረግ ብድሩ ከየት፣ ቻርጁ የት፣ ዋጋው ስንት ብሎ የጠየቀላችሁ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ስብሰባ ወጥታችሁ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ክልል ምክር ቤት ውሰዱ። አንደኛ፣ በያዝነው ዓመት ለዚህ ሰፈር ስንት ትራንስፎርመርና ስንት ቆጣሪ ተመድቧል? ሁለተኛ፣ ኃይል ተሸጦ ከሚገኘው ዶላር ስንቱ ወደ ገጠር መስመር ይመለሳል? ሦስተኛ፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሲጨምር፣ ክፍያው የጨመረበት ሰው አገልግሎቱ በምን ያህል ተሻሻለለት?

ይህን ስትጠይቁ ስም ሊለጠፍባችሁ ይችላል። በዚህ አገር ጠያቂን «ፀረ ልማት» ማለት ከሦስት መንግሥት የተወረሰ ልማድ ነው። አትደንግጡ። ፀረ ልማት የሚባለው ትራንስፎርመር ሦስት ሳምንት የሚያስጠብቀው ነው እንጂ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቀው አይደለም። ድንጋይ አታንሱ፤ መንገድ አትዝጉ። ወረቀት አንሱ። መልስ ካልመጣ በሁለተኛው ወር ሌላ ወረቀት። በሦስተኛው ደግሞ ግልባጩን ለጋዜጣ።

ማታ ከዚህ ሆናችሁ ወደ ከተማው ስትመለከቱ መብራቱ ውሃው ላይ ያብለጨልጫል። ደስ ይላል። ከናንተ መካከል አንዷ ግን ያንን መብራት በሩቁ እያየች በስልኳ ባትሪ ለፈተና ታጠናለች፤ ከጀርባዋ እናቷ ትስላለች። ለኔ የዓባይ ግድብ የሚመረቀው ያቺ እናት ማሳሏን ስታቆም ነው። የእስከ አሁኑ ሪባን መቁረጥ ነው።

በ«አፊኒ» ጀምሬ ነበር፤ በሱው ልጨርስ። ሰማችሁ ወይ? ከሰማችሁ እንግዲህ ተራው የናንተ ነው፤ ተናገሩ።